ብልዙ ምን ይናገራል? ጥቃት ደርሶባቸዋል ተብለው ስለሚጠረጠሩ ሕፃናት የሙያ ምርመራ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከቀራንዮ ሰፈሮች በአንዱ የሚከተለው ሆነ እንበል። አንዲት መምህርት በስድስት ዓመት ተማሪዋ ጀርባ ላይ ክብ ክብ የበለዙ ምልክቶች ታያለች። ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ከመምህራን ክፍል፣ እስከ ማታ ደግሞ ከየቤቱ ቡና ይደርሳል። ከፊሉ «እንጀራ እናቷ ናት» ይላል፤ ከፊሉ «በሰው ቤት ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገን?» ይላል። ሁለቱ ወገኖች የማይስማሙ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የፈረዱት ሳይለኩ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሐኪምም የሕግ ባለሙያም አይደለም፤ ፊዚክስ ያስተምራል። ይሁን እንጂ ጥቃት ደርሶበታል ተብሎ የሚጠረጠርን ሕፃን መመርመር በመሠረቱ የልኬት ጥያቄ ነው። ልኬት ደግሞ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለው። አንደኛው ያለውን የለም ማለት ነው፤ ይህ ስሕተት ልጁን ወደሚጎዳው ቤት መልሶ ይልከዋል። ሁለተኛው የሌለውን አለ ማለት ነው፤ ይኸኛው ንጹሕን ሰው ያሳስራል፣ ልጁንም ከሚወዱት ሰዎች ይነጥላል። የሙያ ምርመራ የሚባለው ጥበብ የተገነባው እነዚህን ሁለት ስሕተቶች በአንድነት ለመቀነስ ነው። ከዚህ በታች እንደምናየው፣ የትኛውም ነጠላ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ የምልክት አለመኖርም ነጻ አያወጣም።

ራጁ ነበረ፤ ጥያቄው ግን አልነበረም

እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ካፊ የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ራጅ ሐኪም ስድስት ጨቅላ ሕፃናትን የሚመለከት ጽሑፍ አሳተመ። ሁሉም በአንጎላቸው ሽፋን ሥር ደም ፈስሷቸው ነበር፤ በእጅና በእግር አጥንቶቻቸው ላይ በጠቅላላው 23 ስብራቶች ተቆጥረዋል። ስብራቶቹን የሚያስረዳ የአደጋ ታሪክ ግን አልተገኘም። ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቹ ለዚህ ክስተት «የተደበደበ ሕፃን» የሚል የሕክምና ስያሜ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በመካከሉ 16 ዓመታት አልፈዋል። የራጅ መሣሪያው ያው መሣሪያ ነበር፤ የጎደለው፣ የገዛ ወላጅ ልጁን እንዲህ ሊጎዳ ይችላል ብሎ ለመጠየቅ የሚደፍር ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሙያው ፈተና ተገልብጧል፤ ጥያቄው ከተለመደ በኋላ አስቸጋሪው ነገር መልሱን ከሚገባው በላይ አለማመን ሆኗል።

ቆዳና ብርሃን

ከቆዳ ሥር ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲበጠሱ ደም ይፈስሳል፤ ብልዝ የምንለው ይህንን ነው። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን አጥብቆ ስለሚውጥ ቦታው በመጀመሪያ ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ይታያል። ቀናት ሲያልፉ ሄሞግሎቢኑ ይፈርስና ቢሊሩቢን የተባለ ንጥረ ነገር ይገኛል፤ እርሱም በተለይ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ቦታው ቢጫ ይመስላል። ከዚህ በመነሣት የብልዝን ቀለም አይቶ የደረሰበትን ቀን መናገር ይቻላል የሚል እምነት ለረጅም ጊዜ ኖሯል። ይሁንና ቀደም ሲል የተደረጉ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ በቀለም ቀን መቁጠር አስተማማኝ እንዳልሆነ ታውቋል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። ቀለሙ እንደ ብልዙ ጥልቀት፣ እንደ ሰውነቱ ክፍልና እንደ ተመልካቹ ዓይን ይለያያል። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ሜላኒን ራሱ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ቢጫው ከነጭራሹ ላይታይ ይችላል። በመሆኑም ከቀለም ብቻ ተነሥቶ «ብልዙ የሦስት ቀን ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው መሣሪያው ከሚያነብለት በላይ አንብቧል።

ብልዝ የሚመስል ሁሉም ብልዝ አይደለም። ብዙ አፍሪካውያን ሕፃናት በታችኛው ጀርባቸውና በመቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ምልክት ይዘው ይወለዳሉ። ይህ ሜላኒን ከተለመደው ቦታ ይልቅ በቆዳው ጥልቅ ክፍል ሲቀመጥ የሚከሠት ነው፤ አጭር የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ብርሃን ወደ ጥልቁ ሳይደርስ ተበትኖ ስለሚመለስ ምልክቱ ሰማያዊ ይመስላል። ክስተቱ ሰማይን ሰማያዊ ከሚያደርገው ጋር ዝምድና አለው። መለያው ቀላል ነው፤ ብልዝ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለወጣል፣ ይጠፋልም፤ የልደት ምልክት ግን ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ጥሩ መርማሪ ምልክቱን ከመስፈሪያ ጋር ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ከቀናት በኋላም ደግሞ ያያል።

በመግቢያችን የጠቀስናቸው ክብ ምልክቶችም የዋግምት አሻራ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋግምት ቆዳን በመሳብ ደም ስለሚያስቋጥር የሚተወው ምልክት እውነተኛ ብልዝ ነው፤ ዓላማው ግን ማከም ነበር። ብጣትና መተኮስም እንዲሁ ጠባሳ ይተዋሉ። እነዚህ ልማዶች ለልጁ ይበጃሉ ወይስ ይጎዳሉ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን «ሆን ተብሎ ተሠቃየች» ከሚለው መልስ የተለየ ነው።

ከቀለም ይልቅ ቦታና ዕድሜ ብዙ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች ከሆኑ 366 ሕፃናት መካከል ብልዝ የተገኘባቸው 2 ብቻ ነበሩ። መራመድ ከጀመሩት መካከል ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ብልዝ ነበረባቸው። የሚሮጥ ልጅ ቅልጥሙንና ግንባሩን ይመታል፤ ገና የማይገላበጥ ጨቅላ ግን በጆሮው ወይም በአንገቱ ላይ ብልዝ ከታየ ጥያቄ ማስነሣት አለበት።

ስበት፣ ስብራትና የፀሐይ ብርሃን

«ከአልጋ ወደቀ» የሚለው ማብራሪያ በየሆስፒታሉ ይሰማል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ አይደለም። ፊዚክስ እዚህ ላይ ጥቂት ሊረዳ ይችላል። ከ50 ሳንቲ ሜትር መደብ ላይ የወደቀ አካል መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 3.1 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ3 ሜትር ከወደቀ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ 7.7 ሜትር ይሆናል፤ ይዞት የሚመጣው ጉልበትም ስድስት እጥፍ ነው። ሁለተኛው ወሳኝ ነገር አካሉ በምን ያህል ርቀት ውስጥ ቆመ የሚለው ነው። ከመደቡ የወደቀው አካል በሲሚንቶ ላይ በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም አማካይ የማቆሚያው ኃይል የክብደቱን 50 እጥፍ ያህል ነው፤ በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ በሚያቆም ፍራሽ ላይ ቢወድቅ ግን 10 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ መርማሪው «ወደቀ» በሚለው ቃል አይረካም፤ ከምን ያህል ከፍታ፣ በምን ወለል ላይ፣ በየትኛው የሰውነት ክፍል ብሎ ይጠይቃል፣ ቢቻልም ቤቱን ሄዶ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሰፊ ግምገማ፣ ከ1.5 ሜትር በታች በሆነ አወዳደቅ የሚሞቱ ትንንሽ ልጆች በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ከአንድ በታች እንደሆኑ ገምቷል። እንዲህ ያለው ሞት አይከሠትም ማለት ሳይሆን እጅግ ብርቅ ነው ማለት ነው።

ጠመዝማዛ የጭን አጥንት ስብራት ደግሞ ቀድሞ የጥቃት ማረጋገጫ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሆኖም አጥንትን የሚጠመዝዘው የሰው እጅ ብቻ አይደለም። እየሮጠ እግሩ ተቀርቅሮ የተጠማዘዘ የሁለት ዓመት ልጅ ያንኑ ስብራት ሊያገኝ ይችላል። የሦስት ወር ጨቅላ ግን አይሮጥም። የስብራቱ ቅርጽ የኃይሉን አቅጣጫ እንጂ የኃይሉን ባለቤት አይናገርም።

በአገራችን ደግሞ ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። እነ ዶክተር ሉሉ ሙሄ በአዲስ አበባ በሚገኘው በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጽሯል። ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መልፈስፈስ ከታመሙት መካከል በ210፣ ከሌሎቹ በ20 ላይ ተገኝቷል። ሪኬትስን በዋናነት የሚያመጣው ከፀሐይ ብርሃን በቆዳችን የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ሲያንስ ነው፤ ብርድና የሰው ዓይን እየተፈሩ ተሸፍነው ከቤት የሚውሉ ጨቅላዎች ለዚህ ይጋለጣሉ። የላሸቀ አጥንት ደግሞ በቀላል ኃይል ይሰበራል። ስለሆነም የተሰበረ ጨቅላ ሲቀርብ የደም ምርመራና የመላ ሰውነት ራጅ ያስፈልጋል፤ አዲስ ስብራት በመጀመሪያው ቀን ሊሰወር ስለሚችልም ራጁ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል። በዚያን ጊዜ አጥንቱ መዳን ስለሚጀምር ያልታየው ይታያል።

ዕድሜም ራሱ መለካት ያለበት ጊዜ አለ። በወንጀል ሕጋችን ከ13 ዓመት በታች በሆነ ሕፃን ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት በአንቀጽ 627፣ ከ13 እስከ 18 ባለው ላይ የሚፈጸመው በአንቀጽ 626 ይታያል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ብዙ ልጆች፣ በተለይም ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩት፣ የልደት ማስረጃ የላቸውም። የእጅ አንጓ ራጅ ዕድሜን ይገምታል፤ ነገር ግን በሰፊው የሚሠራበት መመዘኛ የተዘጋጀው በአሜሪካ ልጆች ነው፤ በአንድ ዕድሜ ባሉ ጤነኛ ልጆች መካከልም እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ ልዩነት ሊታይ ይችላል። የምግብ እጥረት የአጥንትን ዕድገት ስለሚያዘገይ የተጎዳችው ልጅ ከዕድሜዋ አንሳ ልትታይ ትችላለች። ስለዚህ ውጤቱ መጻፍ ያለበት «12 ዓመት» ተብሎ ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ነው። የክትባት ካርድና የክርስትና ወረቀትም ከራጁ ጎን መመዘን አለባቸው።

«ምንም አልተገኘም» ሲባል

በማኅበረሰባችን እጅግ ጎጂ የሆነው የተሳሳተ ንባብ በግብረ ሥጋ ጥቃት ጉዳይ የሚታየው ነው። ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ፖሊስም «ሐኪሙ ድንግልናዋ አለ ብሏል፤ ስለዚህ ምንም አልሆነችም» ብሎ መዝገቡን ለመዝጋት ይቃጣዋል። ሳይንሱ የሚለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ በጥርጣሬ ከተመረመሩ 2,384 ልጆች ውስጥ በአካላቸው ላይ ያልተለመደ ነገር የታየባቸው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሌላ ጥናት 36 ነፍሰ ጡር ልጃገረዶችን መርምሮ ግልጽ የአካል ማስረጃ ያገኘው በሁለቱ ላይ ብቻ ነው፤ ነፍሰ ጡር መሆናቸው ግን አያጠራጥርም ነበር። ብዙ ጥቃት ቁስል አይተውም፤ የሚተወውም በቀናት ውስጥ ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብለው እንዲቀር የጠየቁትም በዚህ ምክንያት ነው። በፊዚክስ ቋንቋ፣ መሣሪያው ዜሮ ማንበቡ ነገሩ አለመኖሩን የሚያሳየው መሣሪያው ያንን ነገር ለማየት የሚችል ከሆነ ብቻ ነው።

ማስረጃ ይደክማል

የሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በጊዜ ብዛት እንደሚመናመን ሁሉ ማስረጃም ይመናመናል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች ከሆኑ 273 ልጆች መካከል የፎረንሲክ ማስረጃ የተገኘባቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በ24 ሰዓት ውስጥ የታዩት ናቸው። ከተገኘው ማስረጃ የሚበልጠው የተገኘው ደግሞ ከልብስና ከአንሶላ እንጂ ከልጆቹ አካል አልነበረም። ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ልጁን አጥቦ ልብስ መቀየር የእናት ደግነት ነው፤ ነገር ግን ማስረጃውን ያጠፋል። ልብሱ ሳይታጠብ፣ እርጥበት በማይቋጥር የወረቀት ከረጢት ተይዞ ከልጁ ጋር ይሂድ። ለጤናውም ቢሆን ሰዓት ይቆጠራል፤ ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቢዘገይ ግን ምርመራው አይቅር።

ቴርሞሜትሩ ስኒውን ያቀዘቅዛል

በአንዲት ስኒ ቡና ውስጥ ቀዝቃዛና ትልቅ ቴርሞሜትር ብንከት የምናነበው የቡናውን የቀድሞ ሙቀት አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ ሙቀቱን ቀንሶታል። የልጅ ትዝታ እንደ ስኒዋ ነው። በካሊፎርኒያ የማክማርቲን መዋዕለ ሕፃናት ክስ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1990 ቆይቶ አንድም ሰው ሳይፈረድበት የተዘጋው፣ ልጆቹ የተጠየቁበት መንገድ ቃላቸውን ስላበላሸው ነው። ኋላ ተመራማሪዎች ያንኑ የአጠያየቅ ስልት ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ሞከሩት፤ ጥያቄዎቹ የሚመለከቱት አንድ ክፍላቸውን የጎበኘ እንግዳ ያላደረጋቸውን ነገሮች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው በዚህ ጥናት፣ መሪ ጥያቄ ብቻ ከተጠየቁት ልጆች ከተሰጡት መልሶች 17 በመቶው «አዎ፣ አድርጓል» የሚል ሲሆን፣ ውዳሴና «ሌሎቹ ልጆች ነግረውኛል» የሚል ጫና ሲጨመርበት 58 በመቶ ደርሷል። ይህም በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

የአማርኛችን ሰዋስው እዚህ ላይ ወጥመድ አለው። «ምን አደረገሽ?» የሚለው አጭር ጥያቄ፣ አድራጊ መኖሩን፣ አንድ መሆኑን፣ ወንድ መሆኑንና ድርጊቱ በልጅቷ ላይ መፈጸሙን አስቀድሞ ነግሯታል። በዚያ ላይ ልጆቻችን ለታላቅ «እሺ» እና «አዎ» እንዲሉ ተደርገው ያደጉ ናቸው፤ «አዎ ጋሼ» መታዘዝ እንጂ ማረጋገጫ ላይሆን ይችላል። የሠለጠነ ባለሙያ በመጀመሪያ ልጁን «የማታውቀውን አላውቅም በል፤ እኔ ከተሳሳትሁ አርመኝ» ይለዋል፤ ስለ በዓል ወይም ስለ ጨዋታ እያስወራ ያለማምደዋል፤ ከዚያም «የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ»፣ «ከዚያስ?» እያለ ይከተላል። በእንዲህ ያለ ክፍት ጥያቄ የተገኘ የልጅ ቃል ታማኝ መሆኑን ብዙ ጥናቶች መስክረዋል። ልጆች በባሕርያቸው ውሸታሞች አይደሉም፤ ቃላቸውን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ጠያቂው ነው።

በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ምቹ ተብሎ የተደራጀው ችሎት በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ልጁ ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት አይቀመጥም፤ በተለየ ክፍል ሆኖ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ የችሎቱን ጥያቄዎች በሚገባው ቋንቋ ያደርስለታል፣ ችሎቱም ቃሉን በቴሌቪዥን መስኮት ይከታተላል።

አንድ ትንሽ ስሌት

ከአራት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የሚታዩ ብልዞችን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ የታወቀ መመዘኛ፣ ከተጎዱት 95 በመቶውን ይይዛል፤ በአደጋ ከበለዙት ደግሞ 87 በመቶውን በትክክል ነጻ ያወጣል። እጅግ ጥሩ መመዘኛ ነው። አሁን ለምሳሌ ያህል ከ1,000 የበለዙ ልጆች 10ሩ ብቻ ጥቃት የደረሰባቸው ናቸው እንበል። መመዘኛው ከ10ሩ ዘጠኝ ወይም አሥሩን ይይዛል፤ ከ990ዎቹ ግን 129 ያህሉን በስሕተት ያመለክታል። ከተጠቆሙት ውስጥ በእርግጥ የተጎዱት 7 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው ማለት ነው። በሌላ ምክንያት ጥርጣሬ አይሎ ከ1,000ዎቹ 500 የተጎዱ ቢሆኑ ኖሮ ያው መመዘኛ 88 በመቶ ትክክል በሆነ ነበር። ስለዚህ ምልክት «መርምሩ» ይላል እንጂ «ፍረዱ» አይልም። እርግጠኝነት የሚያድገው እርስ በርሳቸው ነጻ የሆኑ ልኬቶች፣ ማለትም የልጁ ቃል፣ ራጁ፣ የደም ምርመራውና የቤቱ ጉብኝት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ነው። ከአንዲት ጎረቤት ሰምተው የሚደግሙት አሥር ሰዎች ግን አሥር ልኬት አይደሉም፤ አንድ ናቸው።

ለአንባቢ የሚቀር ሥራ

በቀራንዮ ያለችው መምህርት ሐኪም ወይም መርማሪ እንድትሆን አይጠበቅባትም። ያየችውን ምልክት ቦታ፣ መጠንና ቀን፣ ልጅቷ ሳትጠየቅ የተናገረችውንም በልጅቷ በራሷ ቃል ትጽፋለች። ከክፍት ጥያቄ በቀር ሌላ አትጠይቅም፣ «ለማንም አልናገርም» ብላም ቃል አትገባም። ከዚያም ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ወይም ለክፍለ ከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ታሳውቃለች። የግብረ ሥጋ ጥቃት ጥርጣሬ ካለ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኘው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሐኪምን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያን፣ ፖሊስንና ዓቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ ያገናኛል፤ ልጁ ታሪኩን በየቢሮው እንዳይደግም የተፈጠረ አሠራር ነው። የእድር ዳኞችና ሽማግሌዎችም ተበዳይንና ተጠርጣሪን ፊት ለፊት አቀራርቦ ከማስታረቅ ቢቆጠቡ ስኒዋን ከመቀዝቀዝ ያድኗታል።

ለሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ የተለየ ሥራ አለ። ከላይ የጠቀስናቸው አኃዞች፣ ከሪኬትሱ ጥናት በስተቀር፣ የተገኙት በአብዛኛው ከአሜሪካ ልጆች ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ያለን ብልዝ በተለያየ የሞገድ ርዝመት እንዴት አጉልቶ ማየት እንደሚቻል፣ የአዲስ አበባ ልጆች የእጅ አንጓ አጥንት በስንት ዓመት ምን እንደሚመስል፣ ዋግምት የሚተወው አሻራ በስንት ቀን እንደሚጠፋ መለካት በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጀመር ነው። እነዚህ ልኬቶች ሲገኙ ሐኪሙ በችሎት ፊት ቀርቦ በሌላ አገር ልጅ መስፈሪያ የእኛን ልጅ አይለካም።